የእድር ጉባኤን በንግግር ማሳመን፦ ከቤት ለቤት ምክክር እስከ ድምፅ መስጫው

በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የቆምኩ ዕለት ሃያ አምስት ደቂቃ ከተናገርኩ በኋላ አንዲት ጥያቄ አፌን ዘጋችው። ያቀረብኩት ሐሳብ እድሩ አባል ሲሞት ድንኳን ከመትከልና ሐዘንተኛውን ከማስተዛዘን አልፎ፣ አባል ታሞ ሆስፒታል ሲተኛም እንዲረዳ የሚል ነበር። ቁጥር ደረደርኩ፤ የሌሎች እድሮችን ልምድ ጠቀስኩ፤ ስለ መረዳዳት ባህላችን አስረዝሜ ተናገርኩ። ስጨርስ ከኋላው ረድፍ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ገንዘቡ ለሕመም ካለቀ እኔን በምን ትቀብሩኛላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረኝም። ያን ሁሉ የተናገርኩትን ያቺ ያልመለስኳት ጥያቄ ዋጠችውና ሐሳቡ ወደቀ።

በዓመቱ ያንኑ ሐሳብ ለዚያው ጉባኤ አቀረብኩት፤ አለፈ። በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል የተማርኩትን ነው ከዚህ በታች በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። ምሳሌዬ እድር ይሁን እንጂ በጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች ስብሰባ፣ በወላጆች ኮሚቴ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ሰው ለማሳመን የሚቆም ሁሉ ሊሠራበት ይችላል።

በቅድሚያ፦ መርታት ሌላ፣ ማሳመን ሌላ

አንደበተ ርቱዕ የሚከበርበት የቆየ የሙግት ሥርዓት አለን። ከሳሽና ተከሳሽ «ተጠየቅ»፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በግጥምና በምሳሌ እየተሟገቱ፣ በማር ወይም በፈረስ እየተወራረዱ ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር። ይህ ውርስ ዛሬም ከውስጣችን አልወጣም፤ ስብሰባ ላይ ተነሥተን ስንናገር ሳናውቀው እንደ ተሟጋች እንቆማለን። የተሟጋች ግብ ግን መርታት ነው። የሚያሳምነው ዳኛውን ብቻ ስለሆነ ባላጋራው ቢያፍር ወይም ቢናደድ አይጎዳውም። በጉባኤ ባላጋራዎ ራሱ ዳኛ ነው። በሰው ፊት ያሳፈሩት ሰው እጁን አያወጣልዎትም፤ ከጎኑ የተቀመጠው አብሮ አደጉም እንዲሁ።

ማሳመን «አመነ» ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ነው። ታማኝም፣ እምነትም፣ አማኝም ከዚያው ይወጣሉ። ስለዚህ ሥራዎ ሰሚው እርስዎንና የሚያቀርቡትን ነገር ለማመን የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ማወቅና ያንን መስጠት ነው። እምቢ የሚል ሰው ሁሉ ምክንያት አለው። አብዛኛው ምክንያት ደግሞ ስጋት ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ያንን ስጋት ፈልጎ ለማግኘትና በሐቅ ለመመለስ የሚረዱ ናቸው።

1. የሚጠይቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ንግግሩን መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ጉባኤው ምን ብሎ እንዲወስን እንደሚፈልጉ ይጻፉ። መመዘኛው ቀላል ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ እንዳለ ቃለ ጉባኤ ላይ ሊያሰፍረው ይችላል ወይ? በመጀመሪያው ዓመት ያቀረብኩት «እድራችን በሕይወት ላሉ አባላትም መድረስ አለበት» የሚል ነበር። ማንም አይቃወመውም፤ ማንም ግን ምን እንደሚወስን አያውቅም። በሁለተኛው ዓመት ይህን ጻፍኩ፦

«ከመስከረም ወር ጀምሮ እያንዳንዱ አባል ከመደበኛው መዋጮ በተጨማሪ በወር 30 ብር እንዲያዋጣ፣ ገንዘቡ ከቀብሩ ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ሆስፒታል ለሚተኛ አባልም በዓመት አንድ ጊዜ 5,000 ብር እንዲሰጥ።»

ይህን ስጽፍ ነው የሐሳቤ ክፍተት የታየኝ። «በተለየ የባንክ ሒሳብ» የምትለዋ ሐረግ በመጀመሪያው ጊዜ አልነበረችም፤ የዚያች እናት ጥያቄ መልስም እርሷ ውስጥ ነው ያለው። ግልጽ አድርገው መጻፍ ያልቻሉት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ገና አልበሰለም ማለት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ጥያቄውን እዚህ ያጥሩት።

2. ከጉባኤው በፊት ሰዎቹን ይስሟቸው

ከሁሉም ደረጃ ረጅሙን ጊዜ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። የአባላቱን ዝርዝር ይያዙና በሦስት ይክፈሉት፤ የሚደግፉ፣ የሚቃወሙ፣ ያልወሰኑ። ንግግርዎ በዋናነት የሚደረገው ላልወሰኑት ነው። ደጋፊው ቀድሞም ከእርስዎ ጋር ነው። ቆርጦ የሚቃወመውን በአሥር ደቂቃ ንግግር ማስለወጥ አስቸጋሪ ነው፤ ያልወሰነው ግን ቃላትዎን እየመዘነ ይጠብቃል።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሦስት ሰው ቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ይሂዱ፤ ሰው ያኔ ልቡን ይከፍታል። ሄደው ግን ንግግርዎን አይድገሙላቸው። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ላቀርብ አስቤያለሁ፤ እርስዎን ምን ያሳስብዎታል?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ የይሉኝታ ነው፤ «መልካም ነው፣ ምን ችግር አለው» ይባላሉ። ሁለተኛው ስኒ ላይ እውነተኛው ነገር ይወጣል።

እኔ በዚህ መንገድ አራት ስጋቶች አገኘሁ። የቀብር ገንዘብ ይጎድላል የሚለው አንዱ ነው። ሁለተኛው የጡረተኞች ነው፤ ሠላሳ ብር ለእነርሱ ቀላል አይደለም። ሦስተኛው ገንዘቡን ማን ይቆጣጠራል የሚል ነው፤ ከዚህ ቀደም በሌላ ማኅበር ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። አራተኛውን ግን በጉባኤ ላይ ማንም በአፉ አያወጣውም ነበር። አንድ አዛውንት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ብታመም ሕመሜ በስብሰባ እንዲነገር አልፈልግም» አሉኝ። ሰው የሚሞተው በአደባባይ ቢሆንም የሚታመመው በስውር ነው፤ ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። በእሳቸው ምክንያት ሐሳቡ ላይ አንድ ነጥብ ተጨመረ፤ ታማሚው የሆስፒታል መተኛቱን ማስረጃ የሚያሳየው ለእድሩ ዳኛና ለገንዘብ ያዡ ብቻ ነው፤ የሕመሙ ዓይነት የትም አይጻፍም።

ቤት ለቤት የሚሄዱት ድምፅ ለመልቀም አይደለም። የሰሙት ነገር ሐሳብዎን ካልለወጠው ሰዎቹ ሲያዳምጧቸው እንዳልነበር ያውቁታል። በስብሰባው ቀን «እትዬ እንዳሉኝ» ብለው ሐሳባቸውን ሲያነሡ (በእርግጥ አስፈቅደው ከሆነ) ያቺ ሴት የሐሳቡ ባለቤት ይሆናሉ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በወንዶችና ሴቶች የተቀላቀለ እድር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ከፊት የተቀመጡት ወንዶች ናቸው። ድስቱን የሚቆጥሩት፣ ሐዘን ቤት የሚያድሩት፣ ማን እንደታመመ አስቀድመው የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። እነርሱን ሳያነጋግሩ ጉባኤ የገባ ተናጋሪ ግማሹን ሰሚ አያውቀውም።

3. ማን ይናገር?

ሐሳቡ የእርስዎ መሆኑ ተናጋሪው እርስዎ እንዲሆኑ አያስገድድም። ሰው ንግግሩን ከመስማቱ በፊት ተናጋሪውን ይመዝናል፤ መዋጮውን በጊዜው ይከፍላል? ቀብር ላይ ይታያል? ድንኳን ሲተከል እጁን ያነሣል? በእነዚህ ላይ ጉድለት ካለብዎት ሁለት ምርጫ አለዎት። አንዱ ለጥቂት ወራት ሐሳቡን አቆይቶ ግዴታን መወጣት ነው፤ ሌላው ጉባኤው የሚያከብረው ሰው እንዲያቀርበው መለመን ነው። ለአካባቢው አዲስ ለሆነ ሰው ሁለተኛውን እመክራለሁ።

4. ንግግሩን ይሥሩት

ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ የሚሆን ንግግር በቂ ነው። የእድር ስብሰባ ብዙ ጊዜ እሑድ ጠዋት ነው፤ ግማሹ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይበላ የመጣ ነው፤ ከእርስዎ በፊት የሒሳብ ሪፖርት ይሰማል። ትዕግሥቱን አይፈትኑት።

*አከፋፈት።* «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ» ከሚለው ሰላምታ በኋላ በቀጥታ ወደ ጥያቄው ይግቡ። ሰሚ የሚጠየቀውን ሳያውቅ ብዙ ከቆየ ይጠራጠራል፤ «ይኼ ሰው ወዴት ሊወስደን ነው?» ማለት ይጀምራል። በዚህ ረገድ ደጋግሜ የማጠናው ንግግር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት በአማርኛ ያደረጉትን ነው። ገና ሲጀምሩ ማን እንደሆኑና ለምን እንደመጡ ይናገራሉ፤ ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕና ከስምንት ወር በፊት ኀምሳ መንግሥታት ወረራ መፈጸሙን ሲያረጋግጡ ቃል የተገባውን እርዳታ ሊጠይቁ ነው። ሰሚው ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ሁሉ ከየት ጋር እንደሚያያይዘው ያውቃል።

*አንድ ሰው፣ አንድ ታሪክ።* ቀጥሎ ችግሩን ያሳዩ። «ብዙ አባላት በሕክምና ወጪ ይቸገራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አይነካም። አንድ ሰው ሲነሣ ግን ሁሉም የራሱን ቤት ያስባል። እኔ ያነሣሁት የራሴን ቤት ነው፤ አባቴ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እናቴ የሸጠቻቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል ተናገርኩ። መጀመሪያ ወርቋን፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ በመጨረሻ የልብስ ስፌት መኪናዋን። «አባቴ ሲሞት እድሩ መጣ፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ንፍሮውም መጣ። እናቴ ያን ቀን ያመሰገነችውን ምስጋና አልረሳም። የስፌት መኪናዋ ግን ከዚያ በፊት ሄዷል» አልኩ። ከዚያ በላይ አልጨመርኩም። ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል፤ «እንዴት ያሳዝናል» የሚለውን ለሰሚው መተው ነው። የሌላ ሰው ታሪክ ከሆነ ደግሞ ሳያስፈቅዱ አይንኩት፤ ስሙን ባይጠሩም ሰፈር ያውቀዋል።

በጄኔቫው ንግግርም ይኸው ይታያል። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ መርዝ ጋዝ ሲናገሩ «አሠቃቂ» በሚሉ ቅጽሎች ላይ አልተመኩም። አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው ሲረጩ ጭጋጉ እንዴት ያልተቋረጠ መጋረጃ እንደሆነ፣ መርዙ በወታደሩ፣ በሴቶችና በሕፃናት፣ በከብቱ፣ በወንዙ፣ በግጦሹ ላይ እንዴት እንደወረደ ቆጥረው ተናገሩ። ቁጥሩና ነገሩ ሲታይ ስሜቱ ሳይጠራ ይመጣል።

*ቁጥሩን በእጅ የሚያዝ ያድርጉት።* ከታሪኩ በኋላ ሰሚው «ታዲያ ይቻላል ወይ?» ይላል። እዚህ ስሌት ያስፈልጋል፤ በቃል ሊከተሉት የሚችሉት መሆን አለበት። የእኛ እድር 120 አባላት አሉት። እንዲህ አልኩ፦ «ሠላሳ ብር ማለት በቀን አንድ ብር ነው። የ120 ሰው ሠላሳ ብር በወር 3,600፣ በዓመት 43,200 ብር ይሆናል። ለአንድ ታማሚ 5,000 ብር ብንሰጥ በዓመት ለስምንት ሰው ይደርሳል። ባለፈው ዓመት ሆስፒታል የተኙት አባሎቻችን ስድስት ናቸው።» ጥቂት ቁጥር ብቻ፤ ከዚያ አላለፍኩም። በመጀመሪያው ዓመት ሰንጠረዥ አባዝቼ አድዬ ነበር፤ ሰው ወረቀቱን ሲያገላብጥ እኔን መስማት ተወ።

ቁጥሩ የሚያሳየውን ጉድለትም አይደብቁ። ስምንት ሰው ከታመመ በኋላ ዘጠነኛው ቢመጣ ገንዘብ የለም። ይህን እርስዎ ቀድመው ካልተናገሩት አንድ ሒሳብ አዋቂ ከኋላ ይናገረዋል፤ ያኔ የደበቁት ይመስላል። «ዘጠነኛ ታማሚ ከመጣ ጉባኤው እንደገና ይመክራል፤ ከቀብሩ ሒሳብ ግን አንድ ብር አይነካም» ብዬ ራሴ አነሣሁት።

*ተቃውሞውን በራስዎ አፍ ይናገሩ።* የንግግሩ እምብርት ይህ ነው። በቤት ለቤት ጉብኝት የሰሙትን ስጋት፣ የሚሰጋው ሰው ራሱ በሚናገርበት ቋንቋ ያቅርቡት። አንዳንድ ተናጋሪ የተቃዋሚውን ሐሳብ አኮስሶ ያቀርብና በቀላሉ ይጥለዋል፤ ይህ መርታት ነው እንጂ ማሳመን አይደለም። ስጋቱ ያለበት ሰው «እንዲያ ብዬ አላውቅም» ብሎ ልቡን ይዘጋል። እኔ እንዲህ አልኩ፦

«አምና ከእናቶቻችን አንዷ ገንዘቡ ለሕመም ካለቀ በምን ትቀብሩኛላችሁ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። እድራችን የተመሠረተው ማንም ሰው ሳይከበር እንዳይቀበር ነው፤ ያንን የሚነካ ሐሳብ እኔም አልደግፍም። ስለዚህ የሕመሙ ገንዘብ የራሱ የባንክ ሒሳብ ይኖረዋል። ገንዘቡ የሚወጣው በዳኛው፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ሦስት ፊርማ ነው። ሒሳቡ ባዶ ከሆነ የሕመም እርዳታው ይቆማል፤ ቀብሩ አይቆምም።»

ለጡረተኞቹም መልስ ያስፈልግ ነበር፤ ጡረታ የወጡ አባላት ግማሹን እንዲከፍሉ ሐሳብ አቀረብኩ። ይህ ከ43,200ው ላይ የሚቀንሰውን አስልቼ ለስድስት ታማሚ እንደሚበቃ ተናገርኩ። አንዳንድ ስጋት የሚመለሰው በቃላት አይደለም፤ ሐሳቡን ራሱን በመለወጥ ነው። ንግግር ብቻውን ሊያክመው የማይችለውን ሐሳብ በንግግር ለማዳን አይሞክሩ።

*ነገሩ የእነርሱም መሆኑን ያሳዩ።* በጄኔቫ ከተቀመጡት መልእክተኞች ለብዙዎቹ ኢትዮጵያ ሩቅ አገር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩ የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ጠብ ብቻ አለመሆኑን፣ የጋራ ደኅንነት፣ ለትንንሽ መንግሥታት የተገባው ቃል ዋጋ፣ የማኅበሩ የራሱ ህልውና ጉዳይ መሆኑን አስረዱ። ሰሚው ስለ ሌላ ሰው እየወሰነ ሳይሆን ስለ ራሱ ነገ እየወሰነ መሆኑን እንዲያይ ማድረግ ይህ ነው። በእድር ውስጥ ይህ ቀላል ነው፤ የማይታመም ሰው የለም። ይህን ግን በማስፈራሪያ አይናገሩት። «ነገ እናንተም ትታመማላችሁ» ማለት እንደ እርግማን ይሰማል። «አምላክ ጤና ይስጠንና፣ ከመካከላችን አንዱ ቢተኛ» ማለት ይበቃል።

*አዘጋግ።* መጨረሻው ላይ በመጀመሪያ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይድገሙት። ከዚያ ዝም ይበሉና ይቀመጡ። «ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር» የሚሉ ተናጋሪዎች የሠሩትን ያፈርሱታል። የጄኔቫው ንግግር ያበቃው በጥያቄ ነው፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ የሚል። ሰሚው መልስ የመስጠት ዕዳ ተጥሎበት ይቀራል።

ስለ ምሳሌያዊ ንግግር ጥቂት

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንላለን። ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ሲጀምሩ አዳራሹ ከእርስዎ ቀድሞ ከጨረሰው ያ ምሳሌ ሥራውን አቁሟል፤ ሰሚው ያስታውሳል እንጂ አያስብም። በአሥር ደቂቃ ንግግር ውስጥ አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ እሱም ሰፈሩ ውስጥ የሚነገር፣ ግን በስብሰባ ያልተሰለቸ ቢሆን ይመረጣል። ሰምና ወርቅን ደግሞ ለግጥም ይተዉት፤ ገንዘብ በሚጠየቅበት ቦታ ቃል ሁለት ትርጉም ሲኖረው ሰው ይሰጋል።

5. ይለማመዱ

ንግግሩን ሙሉውን ይጻፉት፤ ከዚያ ወረቀቱን ትተው አምስት ስድስት ቃል ብቻ በትንሽ ካርድ ላይ ይያዙ። አንገቱን ደፍቶ የሚያነብ ሰው ዓይኑን ስለማያሳይ ለመታመን ይቸገራል። ቁጥሮቹንና የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር ግን በካርዱ ላይ ሙሉውን ይጻፉ፤ እነዚህ ሊሳሳቱ አይገባም።

ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድምፅ አውጥተው፣ ቆመው፣ በስልክዎ ሰዓት እየያዙ ይናገሩ። በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም፤ የሚያደናቅፍ ዓረፍተ ነገር የሚታወቀው ምላስ ላይ ሲደርስ ነው። ትንፋሽ የሚያሳጥርዎትን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይክፈሉት። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ በረጅም ዓረፍተ ነገር ሰሚው «ይደረግ» ይሁን «አይደረግ» ሳያውቅ ብዙ ይጠብቃል። በጽሑፍ ይህ ያምራል፤ በንግግር ግን ያደክማል። አንዱን ልምምድ ለቤተሰብዎ ያድርጉትና ሲጨርሱ «ምን ጠየቅኩ?» ብለው ይጠይቋቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልመለሱልዎ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመለሱ።

6. የጉባኤው ቀን

ቀድመው ይድረሱ። ሞንታርቦ ካለ ማይኩን ይሞክሩት፤ ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፤ ሲናገሩ ጭንቅላትዎን ቢያዞሩ አብሮ ይዙር። ማይክ ከሌለ ድምፅዎን የሚያደርሱት በኋላ ረድፍ ላለች አንዲት ሰው ነው፤ እርሷ ከሰማች ሁሉም ይሰማል።

ፍርሃት ይኖራል፤ ልብ ይመታል፤ አፍ ይደርቃል። ይህ ከሰውነት የሚመጣ ስለሆነ በሰውነት ይመለሳል። ከመነሣትዎ በፊት በአፍንጫ ቀስ ብለው ስበው፣ ከሳቡበት ረዘም ባለ ጊዜ ትንፋሹን ያውጡ፤ አራት አምስት ጊዜ ይደጋግሙት። ከተነሡ በኋላ ወዲያው አይናገሩ። ቆመው፣ ጋቢዎን ወይም ኮትዎን አስተካክለው፣ የሚያውቁትን አንድ ፊት ፈልገው ሁለት ሰከንድ ይጠብቁ። ጉባኤው በዚያች ዝምታ ይሰበሰባል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃልዎ ይያዙ፤ እነርሱ ካለፉ ፍርሃቱ ይለዝባል።

ሁካታ ቢነሣ አይጩኹበት። በጄኔቫ ንጉሠ ነገሥቱ ሊናገሩ ሲቆሙ በጋዜጠኞች ሰገነት ላይ የነበሩ ኢጣሊያውያን በፉጨትና በስድብ ሊያስቆሟቸው ሞክረው ነበር። እሳቸው ጋዜጠኞቹ እስኪወጡ ድረስ ጸጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ ጀመሩ። ያ ዝምታ የንግግራቸው አካል ሆኖ ቀረ። በእድር አዳራሽም የሚያንሾካሽኩ ሲበዙ ማቆምና መጠበቅ ከማንኛውም «እባካችሁ አዳምጡ» ይበልጣል።

በውጭ አገር ያሉ እድሮች ብዙ ጊዜ በስልክ ወይም በዙም ይሰበሰባሉ። እዚያ ፊት አይታይም፤ ዝምታው ስምምነት ይሁን እንቅልፍ አይታወቅም። ንግግሩን ወደ አምስት ደቂቃ ያሳጥሩትና የቀረውን ጊዜ አባላትን ተራ በተራ ለመስማት ያውሉት።

7. ጥያቄና ተቃውሞ

ብዙ ሰው የሚወስነው በንግግሩ ጊዜ ሳይሆን እዚህ ነው። ተናጋሪው ተዘጋጅቶ የተናገረውን ሁሉም ያውቃል፤ ሳይዘጋጅ እንዴት እንደሚሆን ግን አሁን ያያል።

ጠያቂው እስኪጨርስ አያቋርጡ። የጠየቀውን በአጭሩ ይድገሙለት፤ «ጋሼ፣ የሚያሳስብዎት ገንዘብ ያዡ ቢለወጥስ የሚለው ነው፤ በትክክል ተረድቻለሁ?» ከዚያ ይመልሱ። ሲመልሱ ዓይንዎ ከጠያቂው ተነሥቶ ወደ ጉባኤው ይሂድ፤ መልሱ የሁሉም ነውና። የማያውቁትን «አላውቅም፤ እስከሚቀጥለው ስብሰባ አጣርቼ እመጣለሁ» ይበሉ። ይህን ማለት ያሳንሰኛል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። አላውቅም የሚል ሰው «አውቃለሁ» ያለውም ይታመንለታል።

የሚያናድድ ጥያቄ ይመጣል። አንድ አባል «ይህን ገንዘብ ለማን ቤት ነው የምታመቻቹት?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ይሁን እንጂ ከጥያቄው ውስጥ ስድቡን ትቼ ስጋቱን ብቻ ወሰድኩ፦ «ገንዘቡ ያለአግባብ እንዳይወጣ መጠንቀቅዎ ተገቢ ነው። ለዚህ ነው ሦስት ፊርማ ያልነው። ከፈለጉ እርስዎ የኦዲት ኮሚቴው አባል ቢሆኑ ደስ ይለኛል።» ሰውየው ተቀመጡ፤ ሁለት ሰዎችም በዚያ መልስ ምክንያት እንደደገፉኝ በኋላ ነገሩኝ። ጉባኤው የሚያየው ለተሳደበው ሰው ምን እንደሚሉ ነው።

ታላላቆች ሲናገሩ ቆመው ያዳምጡ። ልክ ባይሆኑ እንኳ «ተሳስተዋል» አይበሉ፤ «እንደዚያም ይታያል፤ እኔ ባጣራሁት ግን» ብለው ይቀጥሉ።

8. ድምፅ መስጫው

ሰብሳቢው ውይይቱን ሳይቋጭ ወደ ሌላ አጀንዳ እንዳያልፍ፣ ሐሳቡ ለድምፅ እንዲቀርብ በአክብሮት ይጠይቁ። «በሚቀጥለው ይታያል» የተባለ ሐሳብ ብዙ ጊዜ አይታይም። ማሻሻያ ከቀረበና የሐሳቡን ልብ የማይነካ ከሆነ ወዲያው ይቀበሉት። እኛ ዘንድ 30 ብሩ 25 ይሁን የሚል መጣ፤ ተቀበልኩ፤ ማሻሻያውን ያቀረቡት ሰው ከዚያ በኋላ ከእኔ በላይ ተከራከሩለት። ሰው ጠንካራ ጥርጣሬ ካለው ደግሞ «ለስድስት ወር እንሞክረውና እንገምግመው» የሚለው መንገድ ክፍት ይሁን።

ሊወድቅም ይችላል፤ የዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ንግግሩ አይደለም። ከጄኔቫው ንግግር አራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 27፣ ጉባኤው በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። ታላላቆቹ መንግሥታት ያንን የወሰኑት ንግግሩን ከመስማታቸው በፊት ነበር። አዳራሽ ውስጥ የሚታየው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከአዳራሽ ውጭ ተቆርጦ የመጣ ነው፤ ሁለተኛውን ደረጃ ያን ያህል ያስረዘምኩትም ለዚህ ነው። ሐሳብዎ ከወደቀ በዚያው ሳምንት የተቃወሙትን ሦስት ሰዎች ሄደው «ምን ቢኖረው ይቀበሉት ነበር?» ብለው ይጠይቁና ይጻፉት። የሚቀጥለው ዓመት ንግግር ከዚያ ይጀምራል።

ካለፈም ሥራው አላበቃም። በስድስት ወሩ ማንም ሳይጠይቅዎት በጉባኤው ፊት ይቁሙና ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ለስንት ሰው እንደተሰጠ፣ በሒሳቡ ውስጥ ስንት እንደቀረ ይናገሩ፤ የታማሚ ስም አይጥሩ። የቀብሩ ሒሳብ እንዳልተነካ ለማሳየት የሁለቱንም የባንክ ደብተር ይዘው ይምጡ። ከሦስት ደቂቃ አይለፍ።